የውጭ ሽፋን ፕሮቲኖች (የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አምጪ ባክቴሪያዎች)

የውጭ ሽፋን ፕሮቲኖች ግራም-ኔጌቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ከውስጠኛው ሽፋናቸው በላይ በደረቡት ሁለተኛ ሽፋን ላይ የሚገኙ ፕሮቲኖች ናቸው። ባክቴሪያው ምግብ የሚያስገባው፣ ብረት የሚቃርመውና መርዝ የሚያስወጣው በአብዛኛው በእነሱ በኩል ነው። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች መካከል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን በብዛት የሚያመጣው ኢ. ኮላይ ሲሆን ክሌብሲዬላና ፕሮቴየስም ይጠቀሳሉ። በአዲስ አበባ ከአርሾ የሕክምና ላቦራቶሪ ታካሚዎች ተነስቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ኢ. ኮላይን በቀዳሚነት አስፍሯል።

ዋና ዋና ዓይነቶች

ኦምፕ-ኤ ሽፋኑን ያጠናክራል፤ በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ኢ. ኮላይ በፊኛ ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ እንዲቆይም ሳይረዳው አይቀርም። ፊም-ዲ ፒለስ የተባለውን ፀጉር መሰል ክር ገጣጥሞ ወደ ውጭ ያሳልፋል፤ በክሩ ጫፍ ያለው ፊም-ኤች ደግሞ በፊኛ ግድግዳ ላይ ካለው ማኖስ ከተባለ ስኳር ጋር ይጣበቃል። ሽንት በብረት ድሃ ስለሆነ ፊዩ-ኤንና አዩት-ኤን የመሳሰሉ ብረት ተቀባዮችም አሉ። ቶል-ሲ መድኃኒትን ወደ ውጭ የሚገፋው ፓምፕ መውጫ ነው።

ፖሪኖች

ኦምፕ-ኤፍና ኦምፕ-ሲ ፖሪን የሚባሉ፣ ሦስት ሦስት ሆነው የሚቆሙ፣ ውኃ የሞላባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። የኦምፕ-ኤፍ ቀዳዳ በግምት ከ600 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በታች የሆኑ ሞለኪውሎችን ያሳልፋል። 331 ዳልተን ገደማ የሚመዝነው ሲፕሮፍሎክሳሲን (በተለምዶ ሲፕሮ) በዚህ ሲገባ፣ 1,450 ዳልተን ገደማ የሆነው ቫንኮማይሲን ውጭ ይቀራል። እንደ ሽንት ጨው በበዛበት አካባቢ ባክቴሪያው ኦምፕ-ኤፍን ቀንሶ ጠበብ ያለውን ኦምፕ-ሲን ያበዛል። የኦምፕ-ኤፍ መጥፋት ብቻውን ግን ሲፕሮን አያከሽፍም፤ ዋናው ምክንያት ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ በሚያጠቃቸው ኢንዛይሞች ላይ የሚከሰት የዘረመል ለውጥ ነው። በክሌብሲዬላ ኦምፕኬ-35ና ኦምፕኬ-36 የተባሉት ፖሪኖች ሲጎድሉና መድኃኒት ሰባሪ ኢንዛይም ሲታከልበት፣ ካርባፔኔም የተባሉት ጠንካራ መድኃኒቶች ሊከሽፉ ይችላሉ።

የሁለተኛው ሽፋን አመጣጥ

ባክቴሪያዎች ሁለተኛውን ሽፋን ከየት እንዳገኙት ተመራማሪዎች አልተስማሙም። በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ራዴይ ጉፕታ፣ ቀድመው የነበሩት ባለ አንድ ሽፋኖቹ ናቸው ይላሉ። በእሳቸው መላምት ጎረቤት ተሕዋስያን የሚያመነጩት ፀረ-ባክቴሪያ ንጥረ ነገር ጫና ስለፈጠረ ሁለተኛው ሽፋን እንደ መከላከያ ተደረበ። ይህ ትክክል ከሆነ ሽፋኑ ዛሬ መድኃኒትን ማገዱ የጥንት ሥራው ቅጥያ ነው ማለት ይሆናል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄምስ ሌክ በ2009 እ.ኤ.አ. ሌላ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሁለት ባለ አንድ ሽፋን ባክቴሪያዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ በመኖር ሁለቱን ሽፋኖች አስገኙ የሚል ነው። ጉፕታ ይህን በ2011 እ.ኤ.አ. ተቃውመዋል። ሌላው ተመራማሪ ቶማስ ካቫሊየር-ስሚዝ በበኩላቸው የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ራሳቸው ሁለት ሽፋን እንደነበሯቸውና ሌሎቹ ውጫዊውን በኋላ እንዳጡት ተከራክረዋል። ከባለ አንድ ሽፋን ዘመዶቻቸው መካከል ሁለተኛውን ሽፋን ይዘው የተገኙ ባክቴሪያዎችና በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ትንተና ወደዚህኛው የሚያደሉ ይመስላል። ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

በላቦራቶሪ

በአዲስ አበባ፣ በቦሌ፣ በየካም ሆነ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሐኪም የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያን አብቅሎ መመርመር) ሲያዝ፣ የሚመረመረው የባክቴሪያው ዓይነትና የሚገድለው መድኃኒት እንጂ ፕሮቲኖቹ አይደሉም። በተለመደው አሠራር የሽንቱ መጀመሪያ ፈስሶ መካከለኛው በንጹሕ ዕቃ ይያዛል፤ ባለሙያው 1 ማይክሮሊትር በሚይዝ ሉፕ (ባለ ቀለበት ዘንግ) ማኮንኪ አጋር በተባለ የባክቴሪያ ማብቀያ ላይ ያሰምራል። በማግስቱ ሮዝ ቀለም ያላቸው 100 ቅንጣቶች ቢቆጠሩ፣ በሚሊሊትር 100,000 ባክቴሪያ እንደነበረ ይሰላል። ቀጥሎ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው መድኃኒት የተነከሩ የወረቀት ክቦች ባክቴሪያው በተዘራበት አጋር ላይ ይቀመጡና በዙሪያቸው የጠራው ቀለበት በማስመሪያ ይለካል። ጠባብ ቀለበት የፖሪን መጉደል፣ የፓምፕ መበርታት ወይም የኢንዛይም ውጤት ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ በዚህ አይለይም።

የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2017 እ.ኤ.አ. የጀመረው የመድኃኒት መላመድ ቅኝትም ከጤና ተቋማት በሚሰበሰብ የካልቸርና የመድኃኒት ምርመራ ውጤት ላይ ይመሠረታል።

ክትባት

ፊም-ኤችና ብረት ተቀባዮቹ ለክትባት ታጭተው በእንስሳት ላይ ተሞክረዋል።