ካራመላይዜሽን፦ በአማርኛ «ስኳር ማቅላት»

ምግብ አሠራር የሚያስተምሩ ሰዎች አሁን አሁን «አናናሱን ካራመላይዝ እናደርገዋለን» ይላሉ። ሰሚው ግን ምን እንዲደረግ እንደተፈለገ በቀላሉ አይገባውም። በስኳር ይለወስ? ይቃጠል? ወይስ ከረሜላ ይሁን? ቃሉ ከሦስቱ አንዱንም አይልም። ካራመላይዜሽን ስኳር በኃይለኛ ሙቀት ተሰባብሮ፣ ቀለሙም ሽታውም ጣዕሙም ተለውጦ ሌላ ነገር የሚሆንበት ሂደት ነው። ፍራፍሬ ላይ ሲሆን ደግሞ ዋናው ስኳር ከውጭ የሚጨመረው ሳይሆን ፍሬው ሲበስል ራሱ ያጠራቀመው ነው። ለዚህ ሂደት «ስኳር ማቅላት» የሚለውን አማርኛ አቀርባለሁ። ኤር ፍራየር የተባለው ዕቃ ለምን ለዚህ ሥራ እንደሚመች ሲታይ የስያሜው ምክንያትም ይበልጥ ይገለጣል።

ካራመል የሚለው ቃል ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛው ከስፓኝኛ ወስዶታል። የጣሊያንኛ እህቱ «ካራሜላ» ደግሞ እኛ ዘንድ መጥታ ከረሜላ ሆናለች። ስለዚህ ቃሉ ለአማርኛ ባዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ከረሜላ በወረቀት ለተጠቀለለው ጣፋጭ ስም ሆኖ ጸንቷል፤ «አናናሱን ከረሜላ አድርጉት» ብንል ሰው የሚያስበው ጠንካራ የስኳር ሽፋን ነው። «ስኳር ማቅለጥ»ም አይበቃም። የቀለጠ ስኳር ያው ስኳር ነው፤ ፈሳሽ ሆነ እንጂ ጠባዩን አልቀየረም። «ማቃጠል» ከሁሉም የባሰ ነው፤ ሥራው የተበላሸበትን ደረጃ ለሥራው ስም ያደርገዋል።

«ማቅላት» ግን ከጓዳችን የወጣ ቃል ነው። ወጥ የሚያስተምሩ እናቶች «ሽንኩርቱ ቀላ እስኪል አቁላዪው» ሲሉ ደም የመሰለ ቀይ ማለታቸው አይደለም፤ ወደ ቡናማ የሚያዘነብለውን፣ ሽታው የተለወጠበትን ደረጃ ነው። ቃሉ ወሰኑንም ይዟል፤ መጀመሪያ ይቀላል፣ ካለፈ ያርራል። ማብሰያው ፊት ለቆመ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መመሪያ የለም። ስለዚህ ሂደቱ ስኳር ማቅላት፣ የተሠራው ፍሬ «ስኳሩ የቀላ አናናስ» ወይም «ስኳሩ የቀላ ሙዝ» ይባል። ከስኳር ብቻ ተነጥሮ የሚወጣው ወፍራም ቡናማ ፈሳሽ ካራመል ተብሎ ቢቀር ምንም አይጎዳም።

ስኳር የሚቀላው በምን ያህል ሙቀት ነው? እንደ ስኳሩ ዓይነት ይለያያል። በፍራፍሬና በማር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፍሩክቶስ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቅላት ይጀምራል። ግሉኮስ እና የገበታው ስኳር ሱክሮስ 160 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋሉ። በዚያ ሙቀት ስኳሩ ውስጡ ያለውን ውሃ ይለቃል፣ ይሰባበራል፣ ስብርባሪዎቹም እንደገና በሌላ መልክ ይጋጠማሉ። ከዚህ ብዙ አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ይወለዳሉ። ዳይአሴቲል የቅቤ ሽታ ይሰጣል፣ ማልቶል የተጠበሰ ዳቦ ሽታ፣ ፉራን የሚባሉት ደግሞ የለውዝ ዓይነት መዓዛ። ጣፋጭነቱ ራሱ ይቀንስና ቀጭን ምሬት ይጨመርበታል። ስኳሩ የቀላ አናናስ ከጥሬው ይልቅ አፍ ውስጥ የሚቆየው ጣፋጭነቱ ስለጨመረ ሳይሆን ምሬቱና መዓዛው ስለታከሉበት ነው።

ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታ ሌላ ሂደት አለ። ፈረንሳዊው ሐኪምና ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው ሲሆን በስሙ የማያር ሂደት ይባላል። እዚያ ስኳሩ የሚቀላው ብቻውን ሳይሆን የፕሮቲን መሠረት ከሆኑት አሚኖ አሲዶች ጋር ተዋህዶ ነው። የተቆላ ቡናና የዳቦ ቅርፊት ቀለማቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከዚህ ነው። ፍራፍሬ ፕሮቲኑ ጥቂት ስለሆነ የማያር ድርሻ ያነሰ ነው፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት እንምጣ፤ ውሃ ነው። አናናስ ከመቶው 86 ያህሉ ውሃ፣ 10 ያህሉ ስኳር ነው። የፍሬው ገጽ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ውሃ ከሚፈላበት ነጥብ አያልፍም። በባሕር ጠለል ይህ 100 ዲግሪ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ወደ 92 ዲግሪ ይወርዳል። ስኳሩ የሚቀላበት ሙቀት ግን ከቦታው ከፍታ ጋር አይወርድም፤ 110 የሚፈልገው 110፣ 160 የሚፈልገው 160 ነው። ስለዚህ ውሃው ከገጹ ካልተወገደ ፍሬው ይቀቀላል እንጂ አይቀላም። ብዙዎች በድስት ሞክረው «ገንፎ ሆነብኝ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍሬው በራሱ ጭማቂ ውስጥ ተቀቅሏል።

ኤር ፍራየር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ፊሊፕስ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ዓለምን ያዳረሰው ይህ ዕቃ ትንሽ ምድጃ ነው። ከላይ የሚግል ሽቦ አለ፣ ማራገቢያ ሙቀቱን ወደ ታች ይነዳዋል፣ ቅርጫቱ የተበሳሳ ስለሆነ አየሩ ፍሬውን ከሥርም ከላይም ይዞረዋል። በፍጥነት የሚሮጠው ደረቅ አየር እንፋሎቱን ከፍሬው ገጽ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ገጹ ሲደርቅ ሙቀቱ ያሻቅባል፣ ስኳሩም ይቀላል። የእንግሊዝኛው ስሙ በዘይት መጥበስን ያስታውሳል፤ ዕቃው ግን ያን አይሠራም። «የአየር መጥበሻ» የሚለው አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይልቅ እውነቱን ይናገራል፤ በእኛ ቋንቋ በቆሎም ያለ ጠብታ ዘይት በፍም ላይ ይጠበሳልና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አናናሱ የበሰለ ይሁን፤ ሥሩ አካባቢ ሲሸተት መዓዛው የሚወጣ። ልጡ፣ ዓይኖቹና መሐሉ ያለው ጠንካራ ግንድ ይውጡለት፤ ከዚያ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ባለው ቁራጭ ይቆረጥ። ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ከሁሉም ዋናው እርሱ ነው እላለሁ። ቁራጮቹ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት በደንብ ይድረቁ። ዕቃው አስቀድሞ በ200 ዲግሪ ይሙቅ፤ ቁራጮቹም ሳይደራረቡ ይደርደሩ። ከተደራረቡ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ከ6 እስከ 8 ደቂቃ በአንድ በኩል፣ ገልብጦ ደግሞ ተመሳሳይ ጊዜ። ሰዓቱ መነሻ ብቻ ነው፤ ጠርዙ ቀልቶ መሐሉ ወርቅማ ሲሆን ይውጣ። ለጋ ቅቤ ወይም በጾም ቀን ዘይት በስሱ ቢቀባ ያምርበታል። ኮረሪማም በትንሹ ተፈጭቶ ሊነሰነስበት ይችላል፤ ከቀረፋ እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

ስኳር መጨመር ግዴታ አይደለም። ማር የሚቀባ ሰው ግን በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ደቂቃዎች ይቀባ፤ በፍሩክቶስ የበለጸገ ስለሆነ ቀድሞ ይቀላል፣ ቀድሞም ያርራል። ሙዝ በቁመቱ ተሰንጥቆ ከአናናስ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፤ በስሎ ግን ያልላላ መሆን አለበት። ኮክ ለሁለት ተከፍሎ ዘሩ ከወጣለት በኋላ እጅግ ይስማማዋል፤ ፖም ጊዜ ይፈልጋል። ሐብሐብን አትሞክሩ፤ ውሃው በጣም ብዙ፣ ስኳሩ ጥቂት ነው።

የቀላ ስኳር ከፈላ ውሃ እጅግ ይበልጥ ይሞቃል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ልጆች ከቅርጫቱ በቀጥታ አንስተው እንዳይበሉ። የመጋገሪያ ወረቀት የሚያነጥፍ ሰው ፍሬው ሳይቀመጥበት ወረቀቱን ብቻውን አያስገባ፤ ማራገቢያው አንስቶ ከጋለው ሽቦ ጋር ያገናኘዋል። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የኢትዮጵያ መስመር ደግሞ 220 ነው። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ከመሰካቱ በፊት ከጀርባው የተጻፈው ይነበብ። አብዛኞቹ ከ1,400 ዋት በላይ ስለሚስቡም ብዙ ዕቃ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ሳይሆን ለብቻው ግድግዳው ላይ ይሰካ።

የምግብ አሠራር የምትጽፉና የምታስተምሩ ሁሉ፣ «ካራመላይዝ እስኪሆን» ከምትሉ «ስኳሩ እስኪቀላ» በሉ። አድማጫችሁ ምን ዓይነት ቀለም መጠበቅ እንዳለበት ከቃሉ ብቻ ያውቃል።