55 ሰዎች በፊላደልፊያ፣ 55 አንቀጾች በአዲስ አበባ

በ1787 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለመጻፍ ፊላደልፊያ ላይ የተገኙት ተወካዮች 55 ነበሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የእኛ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ደግሞ 55 አንቀጽ አለው። ግጥምጥሞሽ ነው፣ ትርጉም አትፈልጉለት። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታነቡ ግን አንድ ጥያቄ አይለቃችሁም፦ "ሕዝቡ ገና አልደረሰም" ብሎ የሚወስነው ማን ነው?

የእኛን ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ከአድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው፤ "ፋቡላ" የሚባለውን ቲያትር የጻፉትም እሳቸው ናቸው። በሞዴልነት የወሰዱት የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው እንጂ የአሜሪካንን አይደለም። ምክንያቱም አያስገርምም። ጃፓን ንጉሠ ነገሥቷን እንደያዘች ባቡርና ፋብሪካ የገነባች፣ በ1905 ሩሲያን ያሸነፈች አገር ነበረች።

አሁን አስኮ ውስጥ በየግቢው የምታዩትን የውሃ ሮቶ አስቡ። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ኳስ ወደ ላይ ይወጣና ቧንቧውን ይዘጋል። ማለትም ተቆጣጣሪውን የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ውሃው ነው። እኛ መሐንዲሶች ይህን ፊድባክ እንለዋለን። የፊላደልፊያዎቹ ሐሳብም በግምት ይኸው ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ሕግ ቢሽር ኮንግረስ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመልሰዋል፣ ኮንግረስም በየጊዜው መራጩ ፊት ይቀርባል።

የ1923ቱ ላይ ኳሱ አለ፣ ውሃው ግን አይነካውም። ሁለት ምክር ቤት ተቋቋመ፤ የመወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የመምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ "ለጊዜው" መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንት ይመርጣሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ያላጸደቁት ሕግ አይሆንም፤ መምሪያ ምክር ቤቱን መበተንም ይችላሉ። ቤትህ ያለ ሕግ አይፈተሽም፣ ደብዳቤህ አይከፈትም የሚሉ መብቶችም ተጽፈዋል፣ ግን በጦርነትና በአደጋ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን እርምጃ አያግዱም።

በአሜሪካኖቹ ለመቅናት ግን አትቸኩሉ። እነሱም ጋ በመጀመሪያ ብዙ ግዛቶች ውስጥ ንብረት የሌለው አይመርጥም ነበር፤ ባሪያው ለውክልና ሲቆጠር ሦስት አምስተኛ ሰው ነበር። ሴናተሮችንም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ የተደነገገው በ1913 ነው። "ገና አልደረሰም" የሚለው ነገር እዚያም ነበር እኮ! ልዩነቱ፣ ያልደረሰ የተባለው ሰው የሚከራከርበት ምርጫ፣ ፍርድ ቤትና ጋዜጣ መኖሩ ይመስለኛል። ለባሪያው ግን ያም አልበቃም፤ ጦርነት አስፈልጓል።

የእኛ "ለጊዜው" 26 ዓመት ወሰደ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ አሜሪካዊው አማካሪ ጆን ስፔንሰር በረቂቁ ተሳትፈዋል። ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ማንም ሕይወቱን፣ ነፃነቱን ወይም ንብረቱን አያጣም የሚለውን ሐረግ ስታነቡ ከአሜሪካ ማሻሻያዎች የተቀዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቃችኋል። የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ግን የማይደፈር ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1957 እ.ኤ.አ. ተካሄደ፤ ሴቶችም መረጡ። ለመወዳደር ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ ፓርቲ ስላልነበረም እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ለብቻው ነበር የቀረበው።