መሻገርና መውረድ፦ የሚነፋ ጀልባ ረጅም ታሪክና የወንዝ ዓሣ አጥማጅ ምርጫ

ጎን ለጎን የተኙ ሁለት የተነፉ ቱቦዎች፣ በላያቸው የብረት ፍሬም፣ በፍሬሙ ላይ አንድ መቀመጫ፣ ግራና ቀኝ መቅዘፊያ። በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች ፖንቱን የሚሉት የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ይህ ነው። አንድ ሰው ብቻውን በመኪና ጭኖት ይሄዳል፤ ወንዝ ዳር ነፍቶ ትራውት ወይም ስቲልሄድ ወደሚገኝበት ውሃ ይወርድበታል። ሁለት ፖንቱኖች አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጡ ላላወቀ ሰው መንትያ ይመስላሉ፤ ዋጋቸው ግን እጅግ ሊራራቅ ይችላል። ሻጭ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ኪሶቹ ብዛት ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ጀልባው ለየትኛው ሥራ እንደተሠራ ነው።

ሰው በአየር በተሞላ ነገር ላይ ሆኖ ወንዝ ሲገባ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሥራ ነበረው፤ ወይ ይሻገራል፣ ወይ ይወርዳል። ተሻጋሪ ከወንዙ ጋር ያለው ጉዳይ አጭር ነው፤ ማዶ ደረሰ፣ አለቀ። ወራጅ ግን ወንዙ ያዘጋጀለትን ሁሉ በተራ ይቀበላል፦ ድንጋዩን፣ የወደቀውን ግንድ፣ አረፋ የሚደፍቀውን ውሃ። በሚነፋ ጀልባ ታሪክ ውስጥ ብዙ የተደከመበት መሻገሪያው ነው፤ ለመውረጃው መላ የተገኘለት ዘግይቶ ነው። ዛሬም ገበያ ላይ ያለው ብዙ ርካሽ ፖንቱን መልኩ የወራጅ፣ ጠባዩ የተሻጋሪ ነው። ገዢው ይህን ለይቶ ማየት የሚችለው እያንዳንዱ የጀልባው ክፍል ከየት እንደመጣ ሲያውቅ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥንታዊዎቹ ማስረጃዎች አንዱ በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ883 እስከ 859 የነገሠው የአሦር ንጉሥ አሹርናሲርፓል 2ኛ በኒምሩድ ባሠራው ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ፣ ወታደሮች የተነፋ ስልቻ ደረታቸው ሥር አድርገው ወንዝ ሲሻገሩ ይታያሉ። ቅርጹ ዛሬ በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ401 ዓመተ ዓለም፣ ግሪካዊው ዜኖፎን ከሠራዊቱ ጋር ጤግሮስ ወንዝ ላይ ተጨንቆ ሳለ አንድ የሮድስ ሰው 2,000 ስልቻ ቢሰጠው ድልድይ እንደሚሠራ ተናግሮ እንደነበር ጽፏል። ማዶው በጠላት ፈረሰኞች ተይዞ ስለነበር ሐሳቡ ሳይሞከር ቀረ። ታላቁ እስክንድር በ329 ዓመተ ዓለም የኦክሰስን ወንዝ የተሻገረው ቁርበት በገለባ አስሞልቶና አሰፍቶ ነው። በሦስቱም ታሪክ ወንዙ የጦር ሠራዊትን ያቆመ እንቅፋት ነው፤ ስልቻውም እንቅፋቱን ማለፊያ እንጂ የጉዞ ዕቃ አልነበረም።

የመውረጃው ብልሃት የተወለደው ግን በዚያው በጤግሮስ ላይ ነው። የሜሶጶጣሚያ ነጋዴዎች ኬሌክ የሚሉት ታንኳ ነበራቸው። ብዙ የፍየል ስልቻ ነፍተው በእንጨት ርብራብ ሥር ያስራሉ፤ ዕቃቸውን ከላይ ጭነው ከዲያርባኪርና ከሞሱል ወደ ባግዳድ ይወርዳሉ። ሲደርሱ እንጨቱን ይሸጡታል፤ ስልቻውን አስተንፍሰው በአህያ ጭነው ወደ መጡበት ይመልሱታል። እንግሊዛዊው የጥንት ቅርስ ቆፋሪ ሌያርድ በ1847 የኒምሩድን ግዙፍ ክንፋም የድንጋይ ምስሎች ወደ ባስራ ያወረደው በኬሌክ ነበር። በዚህ ታንኳ ውስጥ የዛሬው ፖንቱን ሦስት መሠረቶች ተሟልተው ይገኛሉ። ጭነቱ የሚያርፈው በአየሩ ላይ ሳይሆን በጠንካራ ፍሬም ላይ ነው። አየሩ በብዙ ክፍል ስለተከፈለ አንዱ ስልቻ ቢቀደድ ሌሎቹ ይሸከማሉ። የመመለሻው መንገድ በየብስ በመሆኑ ደግሞ ጀልባው መታጠፍ አለበት። ባግዳድ ላይ አስተንፍሶ በአህያ የጫነው ነጋዴና ዛሬ ወንዙ ግርጌ አስተንፍሶ መኪና ላይ የሚጭነው አጥማጅ ችግራቸው አንድ ነው።

ቁርበት በላስቲክ ሲተካ ግን የተሻጋሪዎቹ ሐሳብ እንደገና ፊት ሆነ። ላስቲክ መጀመሪያ በሙቀት የሚጣበቅ፣ በብርድ የሚሰነጠቅ አስቸጋሪ ነገር ነበር፤ ቻርልስ ጉድይር በ1839 ከድኝ ጋር አሙቆ የማጠንከሩን ዘዴ ደረሰበት፣ በ1844 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በእነዚያው ዓመታት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ፒተር ሃልኬት ውሃ ከማያስገባ ጨርቅ የሚለበስ ጀልባ ሠራ። በየብስ ካባ ነው፤ ሲነፋ ጀልባ ይሆናል። ምርኩዙ መቅዘፊያ፣ ጃንጥላው ሸራ ነበር። የባሕር ኃይሉ አልተቀበለውም፤ ሆኖም አሳሹ ጆን ሬይ በ1846 በሰሜን ዋልታ አካባቢ ባደረገው ጉዞ ተጠቅሞበታል። ብልሃቱ የሚደነቅ ቢሆንም ዓላማው ያው የድሮው ነው፦ በመንገድ ላይ ውሃ ቢያጋጥም ማለፍ።

በላስቲክ ጀልባ ኃይለኛ ወንዝ መውረድ ምን እንደሚመስል ቀድሞ የቀመሰው አሜሪካዊው አሳሽ ጆን ፍሪሞንት ነው። በነሐሴ 1842 በኖርዝ ፕላት ወንዝ ላይ፣ ዛሬ ዋዮሚንግ በሚባለው አገር፣ የአየር ክፍሎች ያሉትን የላስቲክ ጀልባ ይዞ ጠባብ ገደል ውስጥ ገባ። ጀልባው ድንጋይ ሲመታ እየተለመጠ፣ የመጀመሪያዎቹን ኃይለኛ ውሃዎች በደህና አለፈ፤ ይህም የተሳፋሪዎቹን ልብ አደፋፈረ። ጥቂት ቆይቶ ከውሃ ሥር የተደበቀ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ተገለበጠ። ሰዎቹ ተረፉ፤ ከመሣሪያዎቻቸውና ከጽሑፎቻቸው ግን ብዙው ጠፋ። ለስላሳ ጀልባ ግጭትን ይቅር ይላል፤ ድንጋዩን ቀድሞ ማየትና መሸሽ ግን የቀዛፊው ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ዕዳ የሚያቃልለው ለውጥ የመጣው ከአቀማመጥ ነው። ሐይቅ ላይ የሚቀዝፍ ሰው ጀርባውን ወደ መድረሻው አዙሮ ይቀመጣል፤ ጉልበት የሚያገኘው ወደ ራሱ ሲስብ ነውና። አሜሪካዊው አሳሽ ጆን ዌስሊ ፓወል በ1869 የኮሎራዶን ወንዝ ሲወርድ ቀዛፊዎቹ ወደ አደጋው የሚሄዱት ጀርባቸውን ሰጥተውት ነበር። በ1890ዎቹ ናትናኤል ጋሎዌይ የሚባል የዩታ ወጥመደኛ ነገሩን ገለበጠው። ፊቱን ወደ ታችኛው ውሃ አድርጎ ተቀመጠ፤ ሲቀዝፍም ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ ሳበ። በዚህ መንገድ ጀልባው ከወንዙ ይዘገያል፤ ቀዛፊው ያያል፣ ያስባል፣ ጀልባውን ሰያፍ አዙሮ ከድንጋዩ ይርቃል። የዛሬው ፖንቱን መቀመጫና መቅዘፊያ የተቀመጡት በጋሎዌይ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ፖንቱን ላይ መቅዘፊያ ዋና ፍሬን ነው፤ አጭርና ቀጭን መቅዘፊያ ያለው ጀልባ ፍሬኑ የላላ ነው።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ቁሱን አሻሻለ። የኬሚካል ኩባንያው ዱፖንት በ1930 ኒዮፕሪን የሚባለውን ሰው ሠራሽ ላስቲክ አገኘ። በፈረንሳይ ከአየር መርከብ ሥራ የተነሣው ዞዲያክ ኩባንያ መሐንዲስ ፒየር ደብሩቴል በ1930ዎቹ የሚነፉ ጀልባዎችን ቀረጸ፤ ሐኪሙ አላን ቦምባርም በ1952 በእንዲህ ያለው ጀልባ አትላንቲክን በማቋረጡ የጀልባው ዝና ገነነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሠራዊቱ ለተንሳፋፊ ድልድይ ያሠራቸው የላስቲክ ቱቦዎች በርካሽ ተሸጡ። ጆርጂ ዋይት የተባለች ደፋር ሴት በ1950ዎቹ እነዚህን እያያያዘች በግራንድ ካንየን መንገደኞችን ታወርድባቸው ጀመር። ለመሻገሪያ የተሠራው ዕቃ ያለ መሐንዲስ ትእዛዝ፣ በወንዝ ሰዎች እጅ መውረጃ ሆነ።

የአገራችን ወንዞችም በዚህ ታሪክ ቦታ አላቸው። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ከጥንት ጀምሮ ሲቀዘፍ ቢኖርም፣ ከሐይቁ የሚወጣው የአባይ ገደል ለጀልባ እጁን አልሰጠም ነበር። አሜሪካዊው ማክሚላን በ1903 በብረት ጀልባዎች ሊወርደው ሞክሮ ብዙም ሳይሄድ ጀልባዎቹ ተሰባበሩ። በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ቡድን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ መጥቶ በላይኛው አባይ አቨን የተባሉትን የሚነፉ ጀልባዎች አሰለፈ። ተገለበጡ፣ ተጎዱ፣ ግን ተጠግነው ቀጠሉ፤ ብረት ያልቻለውን ላስቲክ ቻለ። ከቡድኑ አንድ ወታደር ሕይወቱን ያጣው ጀልባ ላይ ሳይሆን ገባር ወንዝ ሲሻገር ነው። በ1973 ደግሞ ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ ኦሞን በሚነፉ ጀልባዎች ወርደው ሶቤክ የተባለውን የጉዞ ድርጅታቸውን በጥንታዊት ግብፅ የአዞ አምላክ ስም ሰየሙ። ስያሜው ቀልድ አልነበረም። አዞና ጉማሬ ባሉበት ውሃ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ዘርግቶ የሚቀመጥ የአንድ ሰው ፖንቱን ቦታ የለውም።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። የመጀመሪያው መመዘኛ ወንዙ ራሱ ነው። ወንዞች በአስቸጋሪነታቸው ከ1 እስከ 6 በደረጃ ይመደባሉ። ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሆነው ቀላል ፖንቱን ለሐይቅና ለደረጃ 1፣ ቢበዛ ለደረጃ 2 ውሃ ይስማማል። ከዚያ በላይ ለሚያስብ ረዘምና ወፈር ያሉ፣ ጫፋቸው ወደ ላይ የቀና ቱቦዎች ያስፈልጉታል። የቀና ጫፍ ማዕበል ላይ ይወጣል፤ ከውሃው ጋር የሚነካካው የቱቦ ርዝመት ሲያጥርም ጀልባው ቶሎ ይዞራል። ወፍራም ቱቦ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ነፋስም በቀላሉ ይገፋዋል፤ ነፋሻማ ሸለቆ ውስጥ የሚያጠምድ ሰው ይህን አስቦ ይግዛ።

ሁለተኛው የአየር ክፍሎቹ ናቸው። ኬሌክ ያስተማረውን ሻጩን ጠይቁት፦ አንዱ ቱቦ ቢቀደድ ምን ይተርፋል? እያንዳንዱ ቱቦ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ፣ ግማሹ ጀልባ በአንድ ቀዳዳ ይጠፋል። ቁሱን በተመለከተ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በአንደኛው አየሩን የሚይዘው ከውስጥ ያለ ከረጢት ነው፤ የውጪው ጨርቅ ከመፋቅ ይከላከለዋል። ከረጢቱን መቀየር ቀላል ነው፤ ውሃና አሸዋ ግን በመካከላቸው ይገባል። በሌላው ጨርቁ ራሱ አየር ይይዛል፤ ከበድና ወደድ ይላል፣ ድንጋይን በደንብ ይችላል። የድሮ ጀልባ የሚገዛ ሰው ሃይፓሎን የሚል ስም ይሰማል። ዱፖንት ማምረቱን በ2010 ቢያቆምም ፀሐይን በመቋቋም የታወቀ ቁስ ነው፤ በደንብ የተያዘ አሮጌ የሃይፓሎን ጀልባ ከአዲስ ርካሽ ፕላስቲክ ሊበልጥ ይችላል።

ሦስተኛው ፍሬሙ ነው። ተገጣጣሚ ቀጭን ብረት ለመኪና ይመቻል፤ ኃይለኛ ውሃ ውስጥ ግን መጋጠሚያዎቹ ይላላሉ። የመቅዘፊያ መያዣዎቹን በእጅ ነቅንቁ፤ እግር ማሳረፊያውን ረግጣችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። ወራጅ ቀዛፊ ጉልበቱን የሚያወጣው ከእግሩ ነውና፣ ማሳረፊያው የሚንቀጠቀጥ ጀልባ ወደ ኋላ መሳብ አያስችልም። የሚጫነውንም አስሉ፦ የራስን ክብደት፣ እርጥብ ልብስን፣ መልህቅን፣ ምሳን። አምራቹ ከጻፈው ከፍተኛ ጭነት በጣም ዝቅ ብሎ መቆየት ይበጃል።

መልህቅ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ዕቃ ነው። በዝግተኛ ውሃ ዓሣው ካለበት ቦታ ፊት ያቆማል፤ በፈጣን ውሃ ግን ገመዱ ሲወጠር የጀልባውን ጫፍ ወደ ታች ይጎትተዋል። በአንድ እጅ ወዲያው የማይለቀቅ መልህቅ ወንዝ ላይ ባይኖር ይሻላል። አየሩንም መከታተል ያስፈልጋል። በሞቃት አሸዋ ላይ ጥብቅ ብሎ የተነፋ ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይላላል፤ ውሃ ከገባ በኋላ ጥቂት መጨመር፣ ምሳ ሰዓት ፀሐይ ላይ ሲጎተት ደግሞ ትንሽ ማስተንፈስ ልማድ ይሁን። የመንሳፈፊያ ሰደሪያ ከጀልባው ጋር አብሮ የሚገዛ እንጂ በኋላ የሚታሰብ አይደለም።

ሕጉም የምርጫው አካል ነው። ኦሪጎን ውስጥ በታችኛው ደሹትስ ወንዝ ከተንሳፋፊ ነገር ላይ ሆኖ ማጥመድ ክልክል ነው፤ አጥማጁ ጀልባውን ዳር አስይዞ፣ ወርዶ፣ ቆሞ ነው የሚጥለው። በእንዲህ ያለው ወንዝ ፖንቱን ማጓጓዣ ብቻ ነው፤ ለመቆሚያ መድረክና ለምቹ መቀመጫ ገንዘብ ማውጣት ትርፉ ትንሽ ነው። ከጀልባ ላይ ማጥመድ በሚፈቀድበት ወንዝ ግን መቀመጫው ከፍ ማለቱ ያግዛል። በሲያትልና በዴንቨር አካባቢ ያለ ወገናችን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠምድበትን ግዛት የዓሣ ደንብ ያንብብ፤ ፈቃዱንም ይያዝ።

ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው የሚሰጠው ምክር ከዚህ ታሪክ ይከተላል። ለሐይቅና ለረጋ ውሃ ርካሹ ፖንቱን ይበቃል፤ የተሻጋሪ ሥራ ነው፣ አይፈረድበትም። ወንዝ ለሚወርድ ግን ኪስና ጽዋ ማስቀመጫ ቀርቶ ገንዘቡ በሦስት ነገር ላይ ይዋል፦ በተከፋፈሉ የአየር ክፍሎች፣ በማይነቃነቅ ፍሬምና በጠንካራ ረጅም መቅዘፊያ። ሁለቱን የኬሌክ ነጋዴዎች፣ ሦስተኛውን ጋሎዌይ ወንዝ ላይ ፈትነዋቸዋል። ሦስቱን የሚገዛ አቅም እስኪገኝ ድረስ ደግሞ ልምድ ካለው ሰው ጋር በሰው ጀልባ መውረድ፣ ያልሆነ ጀልባ ገዝቶ ብቻውን ከመውረድ ይሻላል።