ምስክር የሌለው ግማሽ ይከፍላል፦ ስለ መኪና ካሜራ

ትውልዴ ሀብሩ ነው። ኑሮዬ አዲስ አበባ ይሁን እንጂ ለቅሶውም ሠርጉም በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ መርሳ ይወስደኛል። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ እንዲሁ ለቅሶ ደርሼ፣ ወልድያ ያለችውን እህቴን ልጠይቅ መንገድ ጀመርኩ። ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሲሪንቃ ሳልደርስ አንድ አይሱዙ ጭድ የጫነ ጋሪ ደርቦ ሊያልፍ ሲል እኔ መስመር ላይ ገባ። መሪዬን ወደ ቀኝ ብጠመዝዝም የግራውን የፊት መብራት፣ ፓራፋንጎውንና በሩን ጠርጎት አለፈ። ተመስገን ነው፣ ሰው አልተጎዳም።

ሾፌሩ ወርዶ መጀመሪያ የተናገረው ነገር «ጋሼ፣ መስመር ለቀው የመጡብኝ እርስዎ ነዎት» የሚል ነበር። ባለ ጋሪው ነገር ሳይመጣበት መንገዱን ቀጥሏል። ከኋላ የተሰለፉት አውቶቡሶች ክላክስ ሲያስጮሁብን መኪኖቹን ወደ ዳር አወጣናቸው። ትራፊክ ፖሊስ ሲደርስ ፕላን የሚነሳለት ነገር አልነበረም፤ የመስታወቱ ስባሪ እንኳ በሰው ጎማ ተበትኗል። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እሱም ማለ፣ እኔም ማልኩ። በመጨረሻ የሁለቱ መኪኖች ጉዳት ተደምሮ ግማሹ የእኔ ዕዳ ሆነ።

ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና ፍርዱን ልተች አልችልም። ዳኛው የሠሩት ሕጉን ነው። የጎደለው ማስረጃ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የመኪና ካሜራ ገዛሁ። ብዙ ወዳጆቼ ስለ አገጣጠሙና አጠቃቀሙ ስለሚጠይቁኝ፣ የተማርኩትን ከነስህተቴ እዚህ አኖራለሁ።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። በአንቀጽ 2086 መሠረትም «እኔ አላጠፋሁም» ወይም «ሌላ ሰው ነው ምክንያቱ» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ኃላፊነቱ የሚቀረው ወይም የሚቀንሰው የተጎዳው ሰው ራሱ ጥፋት ሲኖርበት ነው። ጥፋት አለበት የሚለው ደግሞ ባለ መኪናው ነውና ማስረዳቱም የእሱ ፋንታ ነው።

ሁለት መኪኖች ሲጋጩ የሚሠራው አንቀጽ 2084 ነው። ሕጉ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ እያንዳንዱ ባለቤት ከጠቅላላው ጉዳት ግማሹን ይሸከማል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በዋነኛነት በአንደኛው ነጂ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። «ሲረጋገጥ» የምትለዋ ቃል ናት እኔን ያስከፈለችኝ።

በወንጀሉ በኩል ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ያስቀጣል። ደንብን ሆን ብሎ በመጣስ የገደለ ወይም ከአንድ ሰው በላይ የገደለ ነጂ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። የአሥር ሰኮንድ ፊልም የአንድን ሾፌር አሥር ዓመት ሊወስን ይችላል ማለት ነው፤ ወደ ነፃነትም፣ ወደ ወህኒም።

የሌላው ዓለም ልምድ

በሩሲያ ካሜራው ከብዙዎች መኪና አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 በቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳውን ተወርዋሪ አለት ዓለም ያየው በአብዛኛው በእነዚሁ የመኪና ካሜራዎች ነው። ኦስትሪያን የመሳሰሉ አገሮች ግን የመንገደኛውን ግላዊነት ብለው አጥብቀው ይገድቡታል።

ለእኛ የሚቀርበው የጀርመኑ ጉዳይ ነው። በማግደቡርግ ከተማ ሁለት መኪኖች ወደ ግራ ሲታጠፉ ተጋጩ። ማን መስመር እንደለቀቀ ስላልታወቀ የሥር ፍርድ ቤቱ ለከሳሹ የጉዳቱን ግማሽ ብቻ ፈረደለት፤ የካሜራውንም ምስል አልቀበልም አለ። እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 2018 የአገሪቱ የፌዴራል የፍትሕ ፍርድ ቤት ግን ያለ ማቋረጥ መቅረጽ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግን ቢጥስም፣ ምስሉ በፍትሐ ብሔር ክርክር በማስረጃነት ሊታይ ይችላል ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ሳነበው ሲሪንቃ ትዝ አለችኝ።

በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንደማይነፈገው ደንግጓል። ቪዲዮው ምን ያህል ይታመናል የሚለውን የሚመዝነው ግን ዳኛው ነው። ስለዚህ አያያዛችን ከካሜራው ዋጋ በላይ ይቆጠራል።

አመራረጥና አገጣጠም

ካሜራው ቁልፍ ሲከፈት ራሱ ይጀምራል፣ ሲዘጋ ራሱ ያቆማል። በአንድ፣ በሦስት ወይም በአምስት ደቂቃ ቁርጥራጭ እየቀረጸ፣ ካርዱ ሲሞላ ከአሮጌው ጀምሮ ይደመስሳል። በውስጡ ንዝረት የሚያውቅ ክፍል ስላለ ግጭት ሲሰማው ያችን ቁራጭ እንዳትደመሰስ ይቆልፋታል። ጂፒኤስ ያለው ደግሞ ቦታና ፍጥነት ይጽፋል።

ለእኛ መንገድ መጀመሪያ የሚታየው ሙቀት ነው። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ከወረዱ በኋላ እስከ ቆቦ ድረስ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ምጣድ ነው። ውስጡ ባትሪ ያለው ካሜራ ያብጣል፤ በካፓሲተር የሚሠራውን መምረጥ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የቤት መኪና 12 ቮልት፣ አብዛኛው የጭነት መኪና 24 ቮልት ነውና የኃይል መስጫው ሁለቱንም መቻሉን ከመግዛት በፊት ማየት ነው።

ሦስተኛው ሚሞሪ ካርዱ ነው። በ1080 ጥራት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት ከ6 እስከ 7 ጊጋባይት ይወስዳል፤ 32 ጊጋባይት አምስት ሰዓት አይሞላም። ከአዲስ አበባ ወልድያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ የተቀረጸው ደሴ ሲደረስ ተደምስሷል። ለዚህ ጉዞ 128 ጊጋባይት፣ ያውም ለተደጋጋሚ ቀረጻ የተሠራ ካርድ ያስፈልጋል። በርካሽ የሚሸጠው አስመሳይ ካርድ ላዩ ላይ 128 ተጽፎበት ውስጡ ስምንት ሊሆን ይችላል፤ ሞልቶ መሞከር ነው።

ቦታው ከመካከለኛው ስፖኪዮ ጀርባ፣ የነጂውን እይታ ሳይጋርድ፣ የዝናብ መጥረጊያው በሚደርስበት የመስታወት ክፍል ላይ ይሁን። መስታወቱ በደንብ ተወልውሎ ሳይደርቅ ማጣበቂያው አይያዝም። ምስሉ ውስጥ አድማሱ መሐል ላይ ይዋል፤ ሰማይ የበዛበት ቀረጻ መንገዱን ያጨልማል። ገመዱ በጣሪያው ጠርዝ ገብቶ በጎን ምሰሶው ይውረድ። እዚያ ጋ ኤርባግ ካለ ግን ገመዱ ከኋላው እንጂ ከፊቱ ማለፍ የለበትም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ገመዱ አለንጋ ይሆናል።

ኃይሉን ከሲጋራ መለኮሻው መውሰድ ይቻላል። ከፊውዝ ሳጥን ማገናኘት የሚፈልግ ሰው ግን የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይያዝ። መኪናው ቆሞም እንዲቀርጽ ከተፈለገ የባትሪው ኃይል ሲወርድ ራሱ የሚያቋርጥ መሣሪያ ይጨመርበት፤ ያለበለዚያ ጠዋት መኪናውን የሚያስነሳው የጎረቤት ግፊያ ነው።

የሰዓቱ ነገር

ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው። የፖሊስ ሪፖርት «ከጠዋቱ 3፡20» ሲል ቪዲዮው 09፡20 ይላል፤ ማታ ከሆነ ደግሞ 21፡20። ዓመቱም በሰባት ወይም በስምንት ይለያል። ይህ ልዩነት በጽሑፍ ካልተብራራ ጎበዝ ጠበቃ ቪዲዮውን «የሌላ ቀን ነው» ብሎ ሊከራከርበት ይችላል፤ እኔም ብሆን እከራከርበት ነበር። ከዚያ የባሰው ከፋብሪካ እንደመጣ ሰዓቱ ሳይስተካከል የሚሠራው ካሜራ ነው። ጂፒኤስ ያለው ከሆነ የሰዓት ክልሉን ሲደመር 3 ላይ ማድረግ ይበቃል፤ የሌለውን በወር አንዴ ማየት ነው።

አደጋ ሲደርስ

ከሁሉ አስቀድሞ ሰው ይረዳ። በአንቀጽ 575 መሠረት በአደጋ ላይ ያለን ሰው ጥሎ መሄድ ራሱ ወንጀል ነው፤ ጉዳቱን ያደረሰው ሰው ሲሆን ይብሳል። ከዚያ ካሜራውን አጥፍቶ ካርዱን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሥራውን ከቀጠለ ባልተቆለፈው ላይ ደርቦ ይቀርጻል። ለትራፊክ ፖሊሱ ካሜራ መኖሩን ነግሮ በሪፖርቱ እንዲጻፍ መጠየቅ ነው። ቪዲዮው ሳይቆረጥ፣ ከአደጋው በፊትና በኋላ ያሉትም ቁርጥራጮች ተጨምረው ይገልበጡ። ዋናው ካርድ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለፖሊስ ከተሰጠም በፊርማ ይሁን።

ምስክር እንጂ ወሬኛ አይደለም

አንድ የሥጋ ዘመዴ የልጁን ሞት የሰማው ከሰው አፍ አይደለም። የተገለበጠውን መኪና የቀረጸ ሰው ቪዲዮውን ለቆት ኖሮ፣ አባትየው በስልኩ አየው። ወሎ ውስጥ መርዶ ሥርዓት አለው፤ ሌሊት ተቆጥሮ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በዘመድ መሐል ነው የሚነገረው። ያ አባት ይህን ተነፈገ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ከሚፈቅዳቸው ምክንያቶች መካከል የፍርድና የፖሊስ ሥራ አለበት፤ በአደባባይ የተፈጸመም ነገር ይገኝበታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ግላዊነትን ይጠብቃል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። አደባባይ ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ እኔ ግን ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤትና ለኢንሹራንስ ካልሆነ አልሰጥም። ድምፅ መቅጃውንም ዘግቼዋለሁ፤ የተሳፈረ ዘመዴ የሚያወራው ለእኔ እንጂ ለካርዱ አይደለም።

ኬላ ላይ

ወልድያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የቆየች ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ለአሥር ወራት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን ፊቱ ሲቀረጽ ደስ የሚለው የታጠቀ ሰው የለም። ካሜራው የአደጋ ምስክር ነው ብሎ ማስረዳት የሚቻለው ለሚሰማ ሰው ነው። ስለዚህ በቀላሉ የሚነቀል ማቀፊያ ይመረጥ፤ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የድሮው ቀረጻ ከካርዱ ይጥፋ፤ ግጭት በሚሰማበት ወቅት ካሜራው ቤት ይዋል። ኬላው አጠገብ ደርሶ መሸሸግ ግን ከመቅረጹ የባሰ ጥርጣሬ ያመጣል። ለፓራፋንጎ ሲባል ሰው ነፍሱን አያስይዝም።

የጊደሯ ነገር

በጥር 2015 ዓ.ም. ከውርጌሳ ወደ መርሳ ስመጣ፣ አንዲት ጊደር ከቆመ አውቶቡስ ጀርባ ወጥታ ፊቴ ዘለለች። ፍሬን ብይዝም እግሯን ሰበርኩት። ሰው ተሰበሰበ፤ እሷንም ሳትሞት አረዷት። በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ በ2081 ደግሞ እኔ የመኪናው ባለቤት ኃላፊ ነኝ። በመንገዱ ልማድ ግን ሙሉ ዋጋዋን የሚከፍል ባለ መኪናው ነው።

በኩራት ካሜራዬን ነቅዬ ለሦስት ሽማግሌዎች አሳየሁ። ጠባቂ እንደሌላት በግልጽ ይታያል። ከታች ጥግ ላይ ግን በመንደር መሐል በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር ስነዳ እንደነበር ተጽፏል። ይህን እኔም ያየሁት ከእነሱ ጋር ነው። አንደኛው ሽማግሌ ቁጥሩን ልጃቸው አነበበላቸውና ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው «ልጄ፣ እሷም ሮጣለች፣ አንተም ሮጠሃል» አሉኝ።

የጊደሯን ዋጋ ግማሽ ከፈልኩ። የሲሪንቃው ግማሽ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ የዚህኛው ግን አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም። ያችን ካርድ አልደመሰስኳትም፤ ከመኪናው መሳቢያ ውስጥ አለች።

በሰላም ያግባን።