«የሕመም አዝማሚያ»፦ ሐኪም ነቢይ አይደለም

ሐኪሞች «ፕሮግኖሲስ» የሚሉትን «ትንበያ» ብለን መተርጎም ለምደናል። ችግሩ «ተነበየ» እና «ነቢይ» የአንድ ሥር ልጆች መሆናቸው ነው፤ ታማሚው ቃሉን ሲሰማ የተፈረደበት ይመስለዋል። እኔ «የሕመም አዝማሚያ» ማለቱን እመርጣለሁ። አዝማሚያ ወዴት እንደሚያጋድል ይጠቁማል እንጂ ያበቃለት ነገር አይደለም።

የሽንት ፊኛ ካንሰርን እንውሰድ። ወደ ጡንቻው ሳይዘልቅ ከተደረሰበት ዕጢው በሽንት መውጫ በኩል በሚገባ መሣሪያ ይፋቃል። ጣጣው ማገርሸቱ ነው። ስለዚህ አደጋው ከፍ ላለባቸው ቢሲጂ ይሰጣል፤ አዎ፣ ልጆቻችን እንደተወለዱ ክንዳቸው ላይ የሚወጉት ያው የቲቢ ክትባት። እዚህ ግን በቀጭን ቱቦ ፊኛው ውስጥ ይጨመራል፤ ታማሚው ሁለት ሰዓት ያህል ሽንቱን ይዞ ይቆያል፤ የተዳከመው ባክቴሪያም የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ በካንሰሩ ላይ ያዘምተዋል። በካናዳ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር አልቫሮ ሞራሌስ በ1976 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ሲያሳውቁ ታካሚዎቻቸው 9 ብቻ ነበሩ። በሳምንት አንዴ ለ6 ሳምንት መሰጠቱም፣ መድኃኒቱ ስድስት ስድስት ሆኖ ታሽጎ ስለመጣላቸው ነው ይባላል።

የማን ያገረሻል? «ኢኦአርቲሲ» የተባለው የአውሮፓ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2006 የ2,596 ታካሚዎችን መረጃ መርምሮ የነጥብ ሰንጠረዥ አወጣ፤ የዕጢዎቹ ብዛት፣ ስፋትና ጥልቀት፣ ቀድሞ ማገርሸታቸው፣ የሕዋሳቱ ክፋት ሁሉ ነጥብ አላቸው። ነገር ግን ከእነዚያ ታካሚዎች ቢሲጂ የወሰዱት ጥቂት ነበሩ። «ኩኤቶ» የሚባለው የስፔን ቡድን በ2009 ቢሲጂ የወሰዱ 1,062 ሰዎችን ይዞ ሲያሰላ፣ የማገርሸት ግምቱ ከአውሮፓው ሰንጠረዥ ዝቅ አለ። አዝማሚያ ከሕክምናው ጋር ይለዋወጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ቃል ያስፈልገናል፤ «የምላሽ ጠቋሚ» ልበለው። አዝማሚያ በሽታው ወዴት እንደሚሄድ ሲናገር፣ የምላሽ ጠቋሚ መድኃኒቱ ለማን እንደሚሠራ ይናገራል። የኩኤቶ ሰንጠረዥ ቢሲጂ በወሰዱ ሰዎች ላይ ቢሠራም የምላሽ ጠቋሚ አይሆንም፤ ሁሉም ስለወሰዱ ካልወሰደ ሰው ጋር የሚያነጻጽርበት የለውም። ዕጢዋ አንድ፣ ትንሽና ላይ ላዩን የሆነ ሴት ከአምስት ዓመት በኋላ ፊኛዋ ንጹሕ ቢሆን፣ ያዳናት ቢሲጂው ይሁን ቀድሞውንም የዋህ የነበረው ዕጢ፣ ከሰንጠረዡ አይነበብም።