ግራውንድ ሉፕ፦ የመሬት ቀለበት

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ወጣት የግቢው የብረት በር ላይ በፓል የቪዲዮ ሥርዓት የሚሠራ ካሜራ ያስራል እንበል። ገመዱ ስለረዘመበት በገዛ እጁ የሠራትን የትራንዚስተር ማጉያ መሀል አስገብቶ፣ ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ያየዋል። ምስሉ ይመጣል። ግን አንድ ወፍራም ጠቆር ያለ ሰንበር በአግድም ተዘርግቶ፣ ቀስ እያለ ስክሪኑን ይወጣል ወይም ይወርዳል። ወጣቱ ትራንዚስተሩን ይቀይራል፣ መጋጠሚያዎቹን እንደገና ይበይዳል፤ ሰንበሩ ንቅንቅ አይልም። ማጉያዋ ምንም አልሆነችም።

ባለሙያዎች ይህን ግራውንድ ሉፕ ይሉታል። «የመሬት ቀለበት» ብንለው ይስማማል፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች «የመሬት ሽቦ» ማለት ለምደዋልና። «ዑደት» የሚለው ግን ለሄርትዝ ስለሚያገለግል ያምታታል።

ካሜራው ብረታማ አካሉ ከሲግናሉ መመለሻ ጋር ከተያያዘ፣ በበሩ ምሰሶ በኩል አፈር ነክቷል። ቤት ያለው መሣሪያ ደግሞ በሶኬቱ የመሬት ሽቦ በኩል ሌላ ቦታ መሬት ነክቷል። የሁለቱ ቦታዎች ቮልቴጅ ፍጹም እኩል አይሆንም፤ ልዩነቱ በቪዲዮ ገመዱ ውጫዊ ጥልፍ ውስጥ ከረንት ያስኬዳል። ጥልፉ የሲግናሉም መመለሻ ስለሆነ፣ በላዩ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ከምስሉ ጋር ይደመራል። ሙሉው የቪዲዮ ሲግናል በ75 ኦም ላይ 1 ቮልት፣ ከዚያም የምስሉ ድርሻ 0.7 ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ ጥቂት አሥር ሚሊቮልት እንኳ ዓይን ውስጥ ይገባል። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይበልጥ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ክረምት ላይ ሰንበሩ ሊብስ ይችላል።

ሰንበሩን ቆጥሮ ማየት ከማንኛውም መሣሪያ በፊት ይቀድማል። የአገራችን መብራት 50 ሄርትዝ ነው፤ በፓልም ስክሪኑ በሰከንድ 50 ጊዜ ይቃኛል። ሁለቱ ልክ እኩል ቢሆኑ ሰንበሩ በቆመ ነበር። መብራቱ ወደ 49.8 ዝቅ ቢል ግን በየ5 ሰከንዱ ስክሪኑን አንድ ጊዜ ያዳርሳል። አንድ ሰንበር ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመሬት ቀለበት ነው። ሁለት ሰንበር ከታየ ነገሩ ሌላ ነው፦ በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ አራቱ ዳዮዶች 50ውን 100 ያደርጉታል፤ ያን የሚያለዝበው ካፓሲተር ደክሟል ማለት ነው።

አንድ ሰንበር ብቻ ከሆነ፣ ካሜራውንና ማጉያዋን በ12 ቮልት ባትሪ ማስነሳት ነው። ሰንበሩ ከጠፋ ችግሩ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ነው፤ ካልጠፋ ካሜራውን ከበሩ ፈትቶ እንጨት ላይ ማስቀመጥ። ያኔ ከጠፋ ቀለበቱን የዘጋው በሩ ነው፤ ከካሜራው ሥር ጎማ አድርጎ በፕላስቲክ ብሎን ማሰር ይበቃል።

የሶኬቱን የመሬት ሽቦ በመቁረጥ ሰንበሩን የሚያጠፉ አሉ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ 220 ቮልት ወደ መሣሪያው አካል ቢያፈተልክ መሣሪያውን የሚነካውን ሰው የሚያድነው ያ ሽቦ ነው። ቀለበቱን በሌላ መንገድ መክፈት ካልተቻለ፣ ገመዱ መሀል የቪዲዮ ትራንስፎርመር ይገባል፤ ሁለቱ ጥቅልሎቹ በሽቦ ስለማይነካኩ ሲግናሉ በማግኔት ያልፋል፣ የመሬቱ ከረንት ግን እዚያው ይቀራል።