ቤት ቤት የሚሸተው ጭስ

ገና ደጁ ላይ ሳላችሁ ዕጣን ከሸተታችሁ፣ በቃ፣ በዚያ ቤት እንግዳ ይጠበቃል ማለት ነው። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው እየተቆላ ነው። ይህ ሽታ ከመቼ ጀምሮ ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ከጥንት ጀምሮ ነዋ!» እኔ ግን ግማሽ እውነት ነው እላለሁ። ዕጣኑ በእርግጥ ጥንታዊ ነው። ዕጣንና ቡና በአንድ ሳሎን መገናኘታቸው ግን፣ ቢያንስ በደጋው ክርስቲያን ቤት፣ ያን ያህል ሩቅ ታሪክ አይደለም።

በድሮው ዘመን ዕጣን በዋናነት የአማልክትና የነገሥታት ነበር። የግብፅ ንግሥት ሃትሼፕሱት ከ3,500 ዓመታት ገደማ በፊት ወደ ፑንት መርከቦች ልካ ነበር። ዴይር ኤል ባሕሪ ባለው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ሰዎች የዕጣን ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል። ሙጫው ብቻ አልበቃቸውም፤ ዛፉን ራሱን ፈልገዋል። በእኛም አገር፣ ትግራይ ውስጥ፣ የሳባ ፊደል የተቀረጸባቸው ከክርስትና በፊት የነበሩ የድንጋይ የዕጣን ማጨሻዎች ተገኝተዋል። ክርስትና ሲመጣ ጭሱ አልጠፋም፤ በካህኑ ጽና ቀጠለ።

ቤት ውስጥ እንዴት ገባ? ፍንጩ ቋንቋችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ካህኑ ቤተ ክርስቲያኑን ያጥናል፤ እናት ደግሞ የጠላውን ጋን በወይራ ታጥናለች። ግሡ አንድ ነው፣ «ዕጣን» የሚለው ቃልም ከዚያው ነው የወጣው። ጋን የሚታጠነው ጠላው እንዲጥም፣ ቤት የሚታጠነው ደግሞ ሰው እንዲመጣበት ነው።

ቡናው ግን ሌላ መንገድ ነው የመጣው። ብዙ የደጋ ክርስቲያኖች ቡናን «የእስላም መጠጥ» እያሉ ለረጅም ጊዜ ርቀውት ኖረዋል። ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚለው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥላቻ ለማለዘብ መሥራታቸው ትልቅ ድርሻ ነበረው። እንግዲህ በአንድ ወቅት ሃይማኖት ይለያቸው የነበሩ ሁለት ሽታዎች ዛሬ በአንድ ከሰል ዙሪያ ይገናኛሉ። ለእኔ ይህ «ከጥንት ጀምሮ» ከሚለው መልስ የበለጠ ደስ ይላል፤ ጎረቤትና ጎረቤት ተቀራርበው የሠሩት ነገር ነዋ።

የሚያሳስበኝ ዛፉ ነው። አብዛኛው የአገራችን ነጭ ዕጣን የሚመጣው በመተማ፣ በትግራይና በቤኒሻንጉል ቆላ ከሚበቅል አንድ የዛፍ ዝርያ ነው። በበጋ ሠራተኞች ግንዱን በስል ብረት ይልጡታል። ዛፉ ቁስሉን ለመድፈን ሙጫ ያነባል፤ ሙጫው ሲደርቅ ይለቀማል፣ ቁስሉም እንደገና ይሰፋል። በአንድ ወቅት ይህ ደጋግሞ ይደረጋል። እረፍት ያጣ ዛፍ የሚሰጠው ዘር ያንሳል፣ የመብቀል አቅሙም ይደክማል። የበቀለውን ችግኝ ደግሞ ከብት ይግጠዋል፣ እሳት ይበላዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ያሉ ደኖችን ተመልክቶ፣ በአብዛኞቹ ለአሥርት ዓመታት ወጣት ዛፍ እንዳልተተካ አሳይቷል። በ20 ዓመት ውስጥ ምርቱ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችልም ገምቷል። ያሉት ዛፎች ሽማግሌዎች ናቸው፤ ልጅ የላቸውም።

መፍትሔው እንቆቅልሽ አይደለም፦ ዛፉን በየተወሰነ ዓመት ማሳረፍ፣ ችግኙን ከከብትና ከእሳት መከለል። ግን ይህን የሚያደርገው ሰው ለዕጣኑ የሚከፈለው ዋጋ ለዛፉ እረፍትም መብቃት አለበት። ገበያ ላይ አንድ ጭብጥ ዕጣን ስንገዛ «ቀንስልኝ» ማለት ለምዶብናል። ቄጠማው በብዙ ቦታ በፕላስቲክ ተተክቷል፤ ዓይንን ይሸውዳል። አፍንጫ ግን አይሸወድም፤ የፕላስቲክ ዕጣን የለም።